ክንድህን ብቻ አውጣ

ሲስተር ብርቄ ማረፏን የሰማሁት ገበያ መሃል ነው። ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለሁ ነጋዴዋ ሚዛኗን እንደያዘች፣ "ያቺ የሆስፒታሏ ሲስተር፣ ሰዉን ሁሉ ወንድምዬ የምትለዋ፣ ትናንት አረፈች አሉ" አለችኝ። "ኢና ሊላሂ" አልኩ። ሲስተር ብርቄ ክርስቲያን ናት። በኛ አገር ግን ሞት ሲነገር ምላስ የለመደውን ይላል፤ የሟቹን ሃይማኖት ጠይቆ የሚናገር የለም። የመረጥኩትን ሽንኩርት እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። መንገድ ላይ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሐዘን አልነበረም። "ሙሄ የነገራትን ሁሉ ይዛው ሄደች" የሚል ነበር።

ሙሄ ባሌ ነው። ከሞተ ዓመት አልፎታል። ስለ እሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ እጄ እምቢ ብሎኛል። ስለ ሲስተር ብርቄ ግን መጻፍ ይሆንልኛል፤ እቀናባት ስለነበር ነው። የወደዱትን ሰው ዓይን ዝም ብሎ ይጠግበዋል። የቀኑበትን ሰው ግን ክር በክር ነው የሚያየው።

ቆንጆ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ስትራመድ አንዱን እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፣ ከነጩ ጋዋን በላይ ክርኑ የተጣፈ ጥቁር ሹራብ ክረምት ከበጋ አይለያትም። ድምፅዋ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ በሩ ይሰማል። ሆስፒታላችን ውስጥ የአእምሮ ጤና ክፍል የሚባለው መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ እዚያ ነበር የምትሠራው። ከበሩ ውጭ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሰው "የጅዳ ወንበር" ይለዋል። የሚቀመጡበት አብዛኞቹ እንደ ሙሄ ከዓረብ አገር የተመለሱ ወንዶች ናቸው፤ ከወግዲ የሚመጣ አለ፣ ከከላላ በበቅሎ የሚመጣም አለ። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አይነጋገሩም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ሙሄ ጅዳ ሳለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተንዶበት ወገቡን ተጎዳ። የህመም ማስታገሻ ኪኒን ሰጡት። ኪኒኑ ሲያልቅ አብረውት የሚኖሩት ልጆች መርፌ አሳዩት። አንዷን መርፌ እየተቀባበሉ ነበር የሚወጉት። ወገቡ ዳነ፣ መርፌው ግን አልለቀቀውም። ተይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ታከመና፣ ክትትሉን እዚሁ መካነ ሰላም እንዲቀጥል ወረቀት ይዞ መጣ። ያ ወረቀት ሲስተር ብርቄ በር ላይ ጣለው።

በየሳምንቱ ማክሰኞ ይሄዳል። ሲሄድ ተጨማድዶ ነው፤ ሲመለስ ግንባሩ ተፈትቶ።

"ምን አወራችሁ?" እለዋለሁ።

"ምንም።"

"ምንም ለማውራት ግማሽ ቀን?"

"ሲስተር ስለ መኪና ጠየቀችኝ። ሹፌር እንደነበርኩ ነግሬያት።"

"ጠየቀችኝ" ነው ያለው። ልብ አልኩ። ሙሄ ከሱ አንድ ዓመት የሚበልጥ ለማኝ እንኳ ቢሆን አንቱ የሚል ሰው ነው። እሷ ደግሞ ከሁለታችንም ታላቅ ናት። ለሷ ሲሆን አንቱታው ወዴት ጠፋ? ጎረቤቴ ሰዓዳ ሳትጠራ የምትደርስ ሴት ናት፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ባልሽ ሁለተኛ አገባ ይባላል፣ ያውም ክርስቲያን፣ ያውም ጋዋን የለበሰች" ብላ ስትስቅ አብሬያት ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

አንድ ማክሰኞ ሙሄ ጉድ ይዞ መጣ። ሲስተር ብርቄ ከኃላፊዋ ጋር ተጣልታለች። ለሆስፒታሉ ሠራተኞች የጉበት በሽታ መከላከያ ክትባት መጥቷል። እሷ ደግሞ "የኔም ወንድሞች ይከተቡ" ብላ ቆመች። በአግዳሚው ወንበር ያሉት ሁሉ በተከፈተው በር ሰምተዋታል።

"እኔን መርፌ ስለምወጋ ትከትቡኛላችሁ" አለች አሉ። "እነዚህ መርፌ ስለተወጉ ነው የምትተዉአቸው?"

ኃላፊው፣ "ሲስተር፣ ይህ እኮ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ነው። መጀመሪያ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያ በስድስተኛው ወር። ሱሰኛ ሁለቱን ይመጣና ሦስተኛውን ይጠፋል። መድኃኒቱ ይባክናል" አላት።

"የሚጠፋውን እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ" አለች።

ሙሄ ይህን ሲያወራልኝ ዓይኑ በራ። ከጅዳ ከተመለሰ ጀምሮ ያንን ብርሃን ስጠብቅ ነበር። መጣ፤ ለሌላ ሴት ሙግት።

ከክትባቱ በፊት ደም ይመረመራል። በሽታው ቀድሞ ከገባ ክትባቱ አይረዳም። ሙሄ እነዚያን የጅዳ ልጆች ያውቃል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ መሞታቸውን ሰምቷል። ውጤቱን ሊሰማ የሄደ ቀን እህል አልቀመሰም። እኔም ቤት ቁጭ ብዬ አልቀመስኩም። ሲመለስ ዓይኑ ደም ለብሷል። "ንጹሕ ነኝ" አለኝ፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ረጋ ብሎ። አለቀስኩ፤ እሱ አላለቀሰም። እንባውን እዚያ ጨርሶት ለእኔ ወሬውን ብቻ ይዞልኝ መጣ።

የመጀመሪያው መርፌ ቀን ልከተለው ቆረጥኩ። ሲስተሯ "ሚስቶችም ይምጡ" ብላለች ሲለኝ ነበር የቆረጥኩት። የኔንም ደም አስመረመርኩ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ለጤናዬ ብዬ አይደለም። ያን ክፍል ላየው ፈልጌ ነው። ቅናት ነው ያስከተበኝ።

የሙሄ እናት፣ እማ ጦይባ፣ ወሬውን ሰምተው ነበር። በኛ አገር ይህ የጉበት በሽታ የወፍ በሽታ ነው የሚባለው። የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበትን ሰው ይይዘዋል ይሉታል። እማ ጦይባ ወፏን ፈርተው በሕይወታቸው የልጅ ልብስ ውጭ አሳድረው አያውቁም። እና ያን ቀን እኔና ሙሄ ወረፋ ይዘን እንደተቀመጥን፣ እማ ጦይባ በኮሪደሩ ብቅ አሉ። በእጃቸው ቅርጫት ይዘዋል። ቅርጫቱ ውስጥ ሦስት ዶሮዎች አሉ።

ሙሄ ተነሣ። "እማ! ምንድን ነው ይሄ?"

"ምንድን ነው ትለኛለህ? የወፍ ክትባት ነው አላላችሁም?"

"እሱማ ለሰው ነው!"

"ለሰው ምን ያደርጋል? በሽታው የወፍ ከሆነ የምትከተበው ወፏ ናት። የኔ ቤት ወፎች እነዚህ ናቸው። የቀበሌው ልጅ እንኳ ለፈንግል ሲከትብ ዶሮዋን እንጂ እኔን አልወጋኝም!"

የጅዳ ወንበር በሙሉ ቀና አለ። አንዷ ዶሮ አመለጠችና ክፍሉ ውስጥ ገባች። ከውስጥ የሲስተር ብርቄ ድምፅ፣ "ማነው ያለ ተራ የገባው?" ሲል፣ ወንዶቹ ፈነዱ። ከከላላ የመጣው ሰውዬ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ። ሲስተር ብርቄ ዶሮዋን በብብቷ ይዛ ወጣች፣ እማ ጦይባን አየች፣ ነገሩን ሰማች፣ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ እጃቸውን ስማ፣ "እማ ጦይባ፣ እርስዎ የሌሊት ወፏን ይዘውልኝ ቢመጡ ኖሮ ወላሂ እከትባት ነበር" አለች።

ሙሄም ሳቀ። ከጅዳ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ያ ሳቅ ታጭቼ ሳለሁ ቤታችን ደጅ ቆሞ የሚስቀው ሳቅ ነበር፤ የሞተ መስሎኝ ነበር። ከጎኑ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። የሚያየው ግን እሷን ነበር።

እማ ጦይባን አጠገቧ አስቀምጣ ስታስረዳቸው አንድም የሐኪም ቃል አላወጣችም። "ወፏ የለችበትም፣ እማ። በደም ነው የሚሄድ። በመርፌ ይሄዳል፤ በባልና ሚስት መካከልም ይሄዳል። ጉበት ላይ ተቀምጦ ዓመት ሳይታወቅ ይኖራል።" "በባልና ሚስት" ስትል ወደ እኔ ዞረች። ክንዴን ሳልሰጣት መኝታዬ ውስጥ የገባች መሰለኝ። ጉበት ላይ ተቀምጦ ሳይታወቅ ስለሚኖር ነገር ደግሞ ከኔ በላይ ማንም ሊነግራት አይችልም ነበር።

ገባን። ክፍሉ ምንም የለውም። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የማይዘጋ መስኮት። ብርዱ እንደ ውጭ ነው። ሲስተር ብርቄ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ጣቶቿን ሰብስባ ወደ አፏ አስጠግታ "ሃ" አለችባቸው፤ አንዴ፣ ደግማ። ጣቶቿ ሲሞቁ ነው የሙሄን ክንድ የያዘችው። መርፌ የለመደ ክንድ እኮ ነው፤ ያም ሆኖ መርፌዋን ሲያይ ወደ ደረቱ ሰበሰበው። ለሱ ያቺ ዕቃ ሌላ ትርጉም አላት።

"ወንድምዬ" አለችው፣ "ክንድህን ስጠኝ፤ ልብህን አላልኩህም።"

ይህን ለሁሉም ነው የምትለው። ያኔ ግን አላውቅም ነበር። ለሱ ብቻ መሰለኝና ጆሮዬ ጋለ። ተራዬ ሲደርስ ሁሉም ሰው አንቱ የሚላትን ሴት ሆን ብዬ፣ "አንቺ፣ ቶሎ በይ፣ ቤት ሥራ አለብኝ" አልኳት። ዝቅ ላደርጋት ነው። እሷ ፊቷ በራ።

"ተመስገን! አንቺ የሚለኝ አገኘሁ። ይሄ ሆስፒታል አንቱ እያለ አስረጀኝ። ሙሄንም በስንት ልመና ነው ያስተውኩት። ስምሽ ማነው፣ እህትዬ?"

"ዘሀራ።"

"ዘሀራዬ" አለችና ጣቶቿን እንደገና አሞቀች። ለኔ። ክንዴን ስትይዘው ሙቀቱ እስከ አንገቴ ወጣ። ከእናቴ ሞት በኋላ ማንም እኔን ከመንካቱ በፊት እጁን አሙቆ አያውቅም። ሰው ለምን በዚያ ክፍል ውስጥ እንደሚናገር ያኔ ገባኝ፤ ሲገባኝም ባሰብኝ። ከወጣሁ በኋላ ደጁ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ቀጥሎ የገባውን የከላላውን ሰውዬም "ወንድምዬ" ስትለው፣ ጣቶቿንም "ሃ" ስትልለት ሰማሁ። እስከዚያች ደቂቃ በሷ እቀና ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ደግሞ የምቀናው ስለ ሷ ሆነ፤ ለሌላውም ማሞቋ ከነከነኝ።

ሁለተኛውንም በወሩ ተከተብን። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ሙሄ በመሃሉ የመኪና ሥራ አገኘሁ ብሎ ደሴ ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ልክ አልነበረም። አልጠየቅኩትም፤ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። እሱም ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ በሩን ቆለፈ።

የሦስተኛው መርፌ ቀን መጣ። በሩ ላይ ቆሜ "ሙሄ፣ ዛሬ ነው እኮ" አልኩት።

"በምን ፊቴ?" አለ ከውስጥ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ለመንኩት። ተቆጣሁት። የልጆቻችንን ስም ጠራሁለት። እማ ጦይባ መጥተው ዱዓ አደረጉ፣ አልቅሰው ሄዱ። በሩ በር ሆኖ ቀረ። እኔ ብቻዬን ሆስፒታል ሄጄ ክንዴን ልሰጥ አልቻልኩም። ያ ኃላፊ ያለው ደረሰ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ባሌ ሦስተኛውን የሚጠፋው ሰው ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ደጃችን ቆመ። ሲስተር ብርቄ እግሯን እየጎተተች ወረደች። ትከሻዋ ላይ ክትባት የሚያዝበትን ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን አንግታለች።

"አላችሁ?" ብላ ገባች። "የጠፋውን አመጣለሁ ብያለሁ። ከመጣሁ ደግሞ ለምን ላመላልሰው፣ መርፌውን ይዤለት መጣሁ። የታለ?"

በሩን አሳየኋት። "አይከፍትም። ከጥዋት ጀምሬ ለምኜዋለሁ። እኔ ሚስቱ ለምኜ ያልከፈተውን" አልኩ፣ የቀረውን ዋጥኩት።

ዱካ ስቤ አስቀመጥኳት። ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ሙሄ፣ ብርቄ ነኝ።"

ዱካዋን ወደ በሩ አስጠጋች።

"አልገባም። አንተም አትውጣ። ፊትህን እንዳታሳየኝ፣ ፊትህን ለማየት አልመጣሁም። ክንድህን ብቻ አውጣ።"

ቆየ። ብርቄ አሁንስ ተሸነፈች ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳልወድ ደስ ሊለኝ ሲል፣ መወርወሪያው ተንቀጫቀጨ። በሩ ክንድ የሚያስወጣ ያህል ተከፈተ። ክንዱ ወጣ። እጅጌው ተሰብስቧል። የድሮዎቹ ጠባሳዎች አሉ፤ አንዲት አዲስም አለች። ሲስተር ብርቄ አየቻት፤ ምንም አላለችም። ጣቶቿን አሞቀች።

"ወንድምዬ፣ ክንድህን ስጠኝ፤ ልብህን አላልኩህም።"

ከበሩ ጀርባ ባሌ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ወጋችው፣ ጥጡን ያዘችለት። ሲያልቅ ክንዱ ወደ ውስጥ አልተመለሰም። እዚያው ቀረ፣ የሚይዘው የሚፈልግ ይመስል። ሲስተር ብርቄ አንጓውን እንደያዘች ወደኔ ዞራ በአገጯ ጠራችኝ።

"ነይ ተቀበይኝ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ወረፋ ትቼ ነው የመጣሁት።"

የራሴን ባል ክንድ ከሌላ ሴት እጅ ተቀበልኩ። እሷ ስታሞቀው ኖራ፣ ሲደርሰኝ የሞቀ ነበር።

እኔንም እዚያው በሌላኛው ክንዴ ወጋችኝና ሄደች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሙሄ የጅዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልወደቀም። ያጣሁት በመርፌም አይደለም፣ በወፍ በሽታም አይደለም። ጤናው ተመልሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ከወግዲ ጭነት ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ።

ሲስተር ብርቄ ለቅሶ ስትደርስ ከሴቶቹ መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሰው እስኪበተን ጠበቀች። ሁለታችን ስንቀር ጠየቅኳት።

"ሲስተር፣ ሙሄ ምን ነበር የሚነግርሽ?"

"ዘሀራዬ፣ እሱ የሱ ነው።"

"እሱ የለም። እኔ ሚስቱ ነኝ። የሞተ ሰው ንብረት ለማን ነው የሚሆነው?"

"ንብረት ቢሆን ሸሪዓ ቤት ከሰሽኝ ታስወስኚብኝ ነበር። አደራ ነው። አደራ አይወረስም።"

"እስከ መቃብርሽ ልትይዢው ነው?"

"ኢንሻአላህ" አለች።

አልዋሸችም።

በሲስተር ብርቄ ሣልስት ዕለት ቤቷ ሄድኩ። ባሏ አቶ ተሾመ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው በረንዳ ላይ ጨርቅ ተሸፍናለች። ድንኳኑ ውስጥ የጅዳ ወንበር ሙሉው ተዛውሮ ተቀምጧል። የከላላው ሰውዬም በቅሎውን ደጅ አስሮ "እህቴ! እህቴ!" ይላል። ሁሉም የራሱ ብቻ አድርጎ ነው የሚያለቅሳት። እኔን አበሸቀኝ። እናንተ በራችሁ ድረስ በረዶ ተሸክማ መጥታላችኋለች ወይ? ልላቸው ነበር። መጥታላቸው እንደሆነስ?

አቶ ተሾመ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበውታል።

"አንቺስ የየትኛው ሚስት ነሽ?"

"የሙሄ። የሹፌሩ።"

"አላውቀውም። የማንንም ስም አላውቅም። እኔ የሰው ልክ ስለካ ሰውዬው ያወራኝን ሁሉ ቤት አመጣላት ነበር። እሷ አንድ ቀን አንድ ነገር አምጥታልኝ አታውቅም። 'እንዴት ዋልሽ?' እላታለሁ፣ 'ደኅና'። አለቀ። ለእናንተ ጆሮዋን፣ ለእኔ ዝምታዋን።" ወደ ወንዶቹ አዩ። "ቀንቼባችሁ ነበር። አሁን ምን ይደበቃል።"

ሻሼን አጠበቅኩ።

"እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ" አሉ። "ክፍሏ ውስጥ እንዴት ያለች ነበረች?"

ምላሴ ላይ የመጣው የራሷ ቃል ነበር፤ አደራ ነው ልላቸው። እጃቸውን አየሁ፤ ጭናቸው ላይ ባዶውን ተዘርግቷል። የዶሮዎቹን ነገርኳቸው። ቅርጫቱን፣ የፈንግሉን፣ "ማነው ያለ ተራ የገባው" ያለችውን፣ ዶሮ በብብቷ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ የሳቀችውን።

"እስክታለቅስ?" አሉ።

"እንባዋ እስኪወርድ።"

አቶ ተሾመ ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። የሚበቃቸውን ሰጠኋቸው። የጣቶቿን ነገር ግን አልነገርኳቸውም። እሱን ለራሴ አስቀረሁ፤ ከሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፣ ለባሏም ቢሆን አልሰጥም አልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሣሁ። እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። ከተራራው በኩል ብርዱ ወርዷል። "እግዜር ያጽናሽ፣ አንቺንም" ብለው እጃቸውን ሊሰጡኝ ዘረጉና መለሱት። ጣቶቻቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ "ሃ" አሉባቸው፤ አንዴ፣ ደግመው። ከዚያ ሰጡኝ።

እሳቸው ከሷ ይማሩት፣ እሷ ከሳቸው፣ አልጠየቅኩም። የሞቀ እጃቸውን ጨብጬ ቀናሁ።